የቦራ ነፍስ

ሰኔ 9 ቀን 2017

ዛሬ ፈረሱን ሸኘሁት። ሸኘሁት ነው የምለው፤ ሌላ ቃል ያማረው ሰው የራሱን ደብተር ይግዛ።

ያዘዘው ሐኪሙ ነው። ‹‹የአባትሽ ሳንባ ድርቆሽና የፈረስ ጠጉር አይችልም። ግቢው ውስጥ ወይ ፈረሱ ይኑር ወይ እሳቸው›› አለኝ። ለጤነኛ ሰው ቀላል ምርጫ ነው። አባዬ ግን አኮረፈ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሰነበተ። በመጨረሻ ‹‹እንግዲያው ለሚይዘው ሰው ስጪው›› አለ። ለሚይዘው ሰው! አንድ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ የጋሪ ፈረስ ማን ይይዛል? ዱጋሳን ጠየቅኩት። ዱጋሳ ከአባዬ ጋር ጋሪ ሲነዳ ኖሮ አሁን ባጃጅ የያዘ የቡልቡላ ሰው ነው። ሳቀብኝ። ‹‹ሰብሌ፣ ይሄን በነፃ የሚወስድልሽ ጅብ ብቻ ነው›› አለ።

ስለዚህ ከተማው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። ወንጂ መንገድ ወሰድኩትና ሳር ያለበት ጋ ልጓሙን ፈትቼ ለቀቅኩት። ሳር አለ፤ የቦይ ውሃ አለ። ዕድሜ ልኩን ጋሪ ለጎተተ እንስሳ ከዚህ የተሻለ ጡረታ የለም። የእኔ የመምህርነት ጡረታ ራሱ ከዚህ አይበልጥም።

ተከተለኝ። ጃንጥላ ይዤ ነበር።

ባጃጅ ያዝኩ።

ሰኔ 10

አባዬ ‹‹ለማን ሰጠሽው?›› አለኝ።

‹‹ዓለም ጤና ለሚኖር ገበሬ። ሽንኩርት አምራች ነው፤ ቅጠሉን እየበላ ይኖራል።››

 ‹‹ፈረስ ሽንኩርት ይበላል እንዴ?›› አለ።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፈረስ ሽንኩርት ከበላ ደሙ እንደሚበላሽ አሳምሬ አውቃለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሽንኩርት ነው። ለውሸትም ዝግጅት ያስፈልጋል። ‹‹ቲማቲምም አለው፤ ጎመንም አለው›› አልኩ። ‹‹እ›› አለና ጋቢውን ሳበ።

ሰኔ 15

እሑድ ስለሆነ ጠያቂ ጎረፈ። ‹‹አባ ቦራ እንዴት አደሩ? አባ ቦራ ተሻላቸው?›› አባቴ ዘገዬ መባሉን የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። ድሮ ጦረኛ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር አሉ፤ የአዳማ ባለ ጋሪዎችም ከማን አንሰን ብለው ወረሱት። የአባዬ ዘመቻ ከፖስታ ቤት እስከ ገበያ፣ ምርኮው የሰው ጆንያ። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ተባለ፤ አባዬ አባ ቦራ ሆነ፤ እኔ ደግሞ ዲግሪ ይዤ ሰሌዳ ፊት ስቆም ተማሪዎቼ በሹክሹክታ ‹‹የቦራ እህት›› ይሉኛል። የሰማሁ አይመስላቸውም።

ከሁሉ የቆዩት ሐጂ ኡበይደላ ነበሩ። ፉርሽካ ነጋዴ ናቸው፤ ለቦራ መኖ ሲሸጡልን ከአባዬ ጋር ተጣብቀው የቀሩ ጎረቤት። አባዬ ድንገት ‹‹ሐጂ፣ ፈረስ ሲሞት የት ይሄዳል?›› አላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ሐጂ አልሳቁም። ‹‹እኛ እንደተማርነው እንስሳትም በዚያ ቀን ይነሳሉ። ቀንድ የሌላት ፍየል ቀንዳሟ ከወጋቻት ሐቋን ትቀበላለች። ሐቅ ለሐቅ ከተደራረሱ በኋላ አፈር ሁኑ ይባላሉ፤ አፈር ይሆናሉ።››

‹‹ሰው ላይ ሐቅ ያላቸውስ?››

‹‹አላህ የማንንም ሐቅ አያስቀርም›› አሉና ሻያቸውን ጨረሱ።

ለፍየል ችሎት! እኛ እዚህ በአንድ አጥር ጉዳይ ለዓመታት ቀጠሮ እየተሰጠን እንመላለሳለን፤ እዚያ ፍየል ሳትቀር ዳኛ ፊት ትቀርባለች። አባዬ ግን ከዚያ በኋላ ምሳውን ሳይነካ ዋለ። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፤ ወሬያቸውን ግን ከፉርሽካቸው ጋር ሱቃቸው ቢተዉት ጥሩ ነበር።

ሰኔ 18

አጥሚቱን አልጠጣም አለ። ‹‹ሰብሌ፣ አንቺ ተምረሻል። ፈረስ ሲሞት ምን ይሆናል?›› አለኝ። ይኸው፣ ተራው የእኔ ሆነ።

ለዘጠነኛ ክፍል እንደማስተምረው ነገርኩት። በድኑን ተሕዋስያን ያፈርሱታል፤ አፈር ውስጥ ይገባል፤ አፈሩ ሣር ያበቅላል፤ ሣሩን ሌላ ይበላዋል። ሌላ ምንም የለም። በጥሞና ሰማኝ።

‹‹ሰውስ?››

‹‹ሰውም።››

‹‹እንግዲያው አንድ ቦታ ነዋ የምንገናኘው›› ብሎ አጥሚቱን ተቀበለኝ።

ሃያ ምናምን ዓመት ሳስተምር ትምህርቴን እንዲህ አድርጎ የገለበጠብኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ሰኔ 22

ጠዋት ለእግር ጉዞ ወጣሁ። የእግር ጉዞ ለልብ ጥሩ ነው። ወንጂ መንገድ ሰፊ ስለሆነ ይመቻል። ጭቃ ነበር።

ከሰል የሚሸጥ ሰውዬ ‹‹ምን ጠፍቶሽ ነው?›› አለኝ። ምንም አልኩት። ‹‹ምንም ያልጠፋው ሰው ቦይ ለቦይ ጎንበስ ብሎ አይሄድም›› አለ። ዘንድሮ ፈላስፋ በዝቷል።

ሰኔ 29

ታናሽ እህቴ ሊዲ ከቸርች ቀጥታ መጣች። ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ሁሉ ነገር መልስ አለው፤ ጥያቄውን ሳትሰማ መልሱን ትሰጥሃለች። አባዬም የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ያንኑ ጠየቃት።

‹‹አባዬ፣ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረው ሰው ብቻ ነው። ፈረስ መንፈስ የለውም፤ እዚሁ ያልቃል።››

‹‹በሰማይ ነጭ ፈረስ አለ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?››

‹‹እሱ መንፈሳዊ ፈረስ ነው።››

‹‹ፉርሽካ አይበላማ›› አለ አባዬ።

ሳቄ አመለጠኝ። ሊዲ ተቀየመች። ጓዳ ስንገባ ‹‹ለመሆኑ ያ ገበሬ ስልክ የለውም? ልጆቼ ቦራን በቪዲዮ ማየት አማራቸው›› አለችኝ። ዓለም ጤና ኔትወርክ የለም አልኳት። ዓለም ጤና ዋናው አስፋልት ላይ ናት፤ ኔትወርኳ ከእኛ ይሻላል። ሊዲ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ሰሃን ማጠብ ጀመረች። እሷ ሰሃን የምታጥበው ሌላ ነገር ስታስብ ነው።

ሐምሌ 5

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። የንስሐ አባታችን ጠበል ይዘው መጡ። ሰፈሩ በሙሉ ‹‹መምሬ›› ብቻ ነው የሚላቸው። አባዬን ‹‹እንግዲህ የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ቤት ድረስ መጥቼ አቆርብሃለሁ፤ ተዘጋጅ›› አሉት። ሐኪሙ ለእኔ ምን እንዳለኝ ስለሚያውቁ ነው ቀን የቆረጡት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ፍልሰታ አያይም።

‹‹አልችልም፤ ያልጨረስኩት ነገር አለ›› አለ አባዬ። ‹‹አባቴ፣ ፈረስ ነፍስ አለው?››

‹‹አለው፤ ደመ ነፍስ ነው። ነፍሱ ደሙ ነች፤ ደሙ ሲቆም አብራ ታልቃለች። ትንሣኤ የሰው ነው።››

‹‹ያለ ጥፋቱ የተበደለ እንደሆነስ? እሱ ሲያልቅ በደሉም አብሮ ያልቃል?››

መምሬ ጺማቸውን ጨበጡ። ‹‹በደሉማ የሠራው ሰው ላይ ይቆያል›› አሉ።

አባዬ ፊቱ ተለዋወጠ። ‹‹እሱን ነበር የፈራሁት›› አለ።

ገረመኝ። ይህ ሁሉ ጭንቀት ለጥቂት አለንጋ ነው? ፈረስ ያልገረፈ ባለ ጋሪ የት አለ? ደግሞ አባዬ ሲገርፍ አይቼው አላውቅም፤ አለንጋውን ጋሪው ላይ የሚሰቅለው ለወግ ነበር። ሳይቆርብ ቢሞት ግን መንደሩ እኔን ነው የሚበላኝ። እሱ ራሱ እንዴት እንደሚሞት ማሰብ አልፈልግም። ሕይወቱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚመኘው፤ ቆርቦ መሞት። አሁን በፈረስ ምክንያት ሊቀርበት ነው። እኔ እኮ ፈረሱን ያስወጣሁት እንዲተነፍስ ብዬ ነው።

ሐምሌ 13

ሆስፒታል። ኦክስጅን። ወረፋ።

ነርሷ ‹‹ሽማግሌው ሲቃዡ ደጋግመው ‹ቦራ መጣ ወይ?› ይላሉ። ወንድምሽ ነው?›› አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ በላይ ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም።

ሐምሌ 15

ወደ ቤት መለሱን። ሐኪሙ ‹‹ግቢው ከፈረስ ንጹሕ ነው አይደል?›› አለኝ። ንጹሕ ነው አልኩት። ጋጣውን በበረኪና ሳይቀር አጥቤዋለሁ። አባዬ ግን ከመቼውም የባሰ ነው የሚያስለው። ሳንባው ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሐኪም ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ሐምሌ 20

ዓለም ጤና ሄድኩ። ለቲማቲም። እዚያ ርካሽ ነው።

አህያ አየሁ፤ ብዙ አህያ። ሽንኩርት የሚጭን አንድ ቦራ ፈረስም አየሁ። ጠጋ ስል ወጣት ነው፤ ጥርሱን አሳየኝ። ባለቤቱ ‹‹ልትገዢው ነው?›› አለኝ። የሚሸጥ ሽማግሌ ፈረስ የለም ወይ ስለው ጓደኞቹን ጠርቶ ሳቁብኝ። አንዷ ሴትዮ ‹‹ሽማግሌ የፈለገች ሴት ፈረስ ቤት ምን ታደርጋለች?›› አለች። ደግ አደረገች፤ ይገባኛል።

ምን እንደማደርግ ራሴን ጠየቅኩት። ወንጂ መንገድ የተለቀቀ አንካሳ ፈረስ እዚህ ድረስ እንደማይመጣ ማንም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። ውሸቴን እውነት ላደርገው ነበር የሄድኩት ማለት ነው። የሚመስል ፈረስ አግኝቼ፣ ከሩቅ ፎቶ አንስቼ፣ ለታመመ አባት ላሳይ። የተማረ ሰው የሚደርስበት ደረጃ ይህ ነው።

ቤቱ ቲማቲም በቲማቲም ሆኗል። መበስበስ ጀምሯል።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገባ። አባዬ ‹‹እጾማለሁ›› ብሎ ሙጭጭ አለ። መምሬ ራሳቸው ‹‹በሽተኛ አይጾምም፤ ፈትቼሃለሁ›› ብለውታል፤ አይሰማም። ትናንት ገብቼ ሳየው አልጋው ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ጉልበቱ ደፋ ቀና ያደርጋል። እየሰገደ ነው። መሬት መንካት ስላልቻለ ብርድ ልብሱን በግንባሩ ይነካል፤ በየመሐሉ ያስላል።

ጮህኩበት። ‹‹ለምኑ ነው ይሄ ሁሉ? ምን ኃጢአት ሠርተህ ነው?››

‹‹የእኔ አይደለም›› አለ።

ትኩሳት ነበረው። የሚለውን አያውቅም።

ነሐሴ 8

ዱጋሳ መጣ። ‹‹አካም ጅርታ፣ አባ ቦራ?›› ብሎ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ አጥሚት ሳማስል በኦሮምኛ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ‹‹ፈርዳ›› የምትለዋን ለየኋት፤ ፈረስ ማለት ነው። አዳማ ተወልጄ አዳማ አርጅቼ ኦሮምኛ በቅጡ የማልችል ጉድ ነኝ። ዱጋሳ ሲወጣ እንደ ሁልጊዜው አልቀለደብኝም። ‹‹አይዞሽ ሰብሌ›› አለኝ። ለምን አይዞሽ ይለኛል?

ነሐሴ 13

ጉድ በል የአዳማ ሰው! አባዬ ሽማግሌ ጠራ። ለፈረስ!

‹‹ፍቺው ከመድረሱ በፊት እርቅ አለብኝ። መምሬ፣ ሐጂና ዱጋሳ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ›› አለ። ከማን ጋር ነው እርቁ ስለው ‹‹የቦራን ጉዳይ ነው›› አለ። ሰው መሬት ተካፍሎ ይጣላል፣ በትዳር ይጣላል፣ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። ፈረስን ከባለ ጋሪው ለማስታረቅ የተቀመጠ ሽማግሌ በየትም አገር ተሰምቶ አይታወቅም። ፈረሱ በሌለበት ደግሞ! ማን ይቅር ይለዋል? ጋጣው?

ለሊዲ ደውዬ ‹‹አባዬ አብዷል›› አልኳት። ‹‹እመጣለሁ›› አለች። አልሳቀችም። ዘንድሮ የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ይሁን። የፈለገውን ይበል፤ ብቻ ይቁረብልኝ።

ነሐሴ 15

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከሰዓት ተሰበሰቡ። መምሬ ‹‹እኔ ለምርቃት ብቻ ነው የመጣሁት፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ሥርዓት የላትም›› ብለው አስታወቁ። ሐጂ ‹‹እኔም ጎረቤት ስለሆንኩ ነው›› አሉ። ሁለቱም ያፈሩ ይመስላሉ፤ ደስ አለኝ። አባዬን በትራስ ደግፈን አስቀመጥነው። ንጹሕ ነጠላ ለብሷል። ሊዲ በር ላይ ቆመች።

ዱጋሳ ጀመረ። ‹‹እኛ አገር ሰው ሲገደል ጉማ የሚባል የደም እርቅ አለ። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ባለ ደሙ ባንድ ወገን፣ ያጠፋው ባንድ ወገን። ባለ ደሙ ይቅር ካለ ደሙ ይደርቃል፤ ልጅ ልጅ ድረስ ማንም አይጠይቅም። ለፈረስ ሲደረግ አላየሁም። አባ ቦራ ግን ይደረግልኝ አለ።››

‹‹የቦራ ባለ ደም ማነው?›› አሉ ሐጂ።

‹‹እኔ ነኝ›› አለ አባዬ። ‹‹ከእኔ ሌላ ዘመድ የለውም።››

ነገሩ ተገለባብጦ የገባኝ ያኔ ነው። አባዬ ይቅርታ ጠያቂ አልነበረም። ‹‹ሰብሌ፣ ነይ እዚህ ፊት ለፊቴ›› አለኝ። ውሃ የፈለገ መስሎኝ ብርጭቆ ይዤ ቀረብኩ።

‹‹ብርጭቆውን አስቀምጪው›› አለ።

ዱጋሳ ወለሉን እያየ ተናገረ። ቦራን የሞተ ያገኘው እሱ ነው። የለቀቅኩት ሰሞን፣ እዚያው ወንጂ መንገድ ቦኩ ሳይደርስ፣ ቦይ ውስጥ። ጅብ በልቶ የተወውን። ፊቱ ወደ ከተማ ነበር አለ፤ ወደ ቤት እየመጣ ነበር። የዚያኑ ሳምንት ለአባዬ ነግሮታል። አባዬ ‹‹ለሷ አትንገራት›› ብሎ አስምሎታል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ! እኔ ዓለም ጤና ፈረስ ስፈልግ፣ ለሊዲ ስለ ኔትወርክ ሳወራ፣ ቲማቲም ተሸክሜ ስገባ፣ አባዬ ያውቅ ነበር። ሐጂን የጠየቀው፣ ሊዲን የጠየቀው፣ መምሬን የጠየቀው ለራሱ አልነበረም። ፈረስ ተነሥቶ የሚከስ ከሆነ የሚከሰው እኔን ነው።

ተናደድኩ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ንዴት ነው። ‹‹ታዲያ መልሱን አገኘህ? ይነሳል አይነሳም?›› አልኩት በፌዝ።

‹‹ሐጂ?›› አለ አባዬ።

‹‹እንስሳ ይነሳል ተብለናል። ባለቤቱ ስለ እንስሳው ይቅር ማለት ይችላል ወይ ላልከኝ ግን አላውቅም። አላህ ያውቃል።››

‹‹አባቴ?››

‹‹አይነሳም እላለሁ›› አሉ መምሬ። ‹‹ፈጣሪ ስለ እሱ ምን እንዳሰበ ግን አልነገረኝም። አላውቅም።››

‹‹ሊድዬ?››

‹‹እኔም አላውቅም አባዬ›› አለች ሊዲ፤ እያለቀሰች ነበር።

ሦስቱም በአንድ ቤት አላውቅም ሲሉ ሰማሁ። በዕድሜዬ አይቼው የማላውቅ ተአምር ነው።

‹‹እኔም አላውቅም›› አለ አባዬ። ‹‹ስለዚህ እዚሁ እንጨርሰው። ካለ፣ እዚያ ቆሞ እንዲጠብቅሽ አልፈልግም። ከሌለም ምንም አይቀርብን።››

ዱጋሳ ከግቢ ድንጋይ አምጥቶ ነበር። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ይንበረከካል፤ የአያቶቻችን ሥርዓት ነው። ‹‹እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ›› አልኩ። እንዲህ ያለ ቂል ንግግር ተናግሬ አላውቅም። ‹‹ድንጋዩ ባዮሎጂ አያውቅም›› አለኝ ዱጋሳ በለሆሳስ።

ተንበረከክሁ። ለምን እንደተንበረከክሁ ለማስረዳት ብዙ መስመር ጽፌ ሰርዣለሁ። ተንበረከክሁ፤ በቃ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከባድም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ‹‹ስለ እግዚአብሔር ይቅር በላት›› አሉ። ወዲያው ይቅር ይላል ብዬ ነበር። አላለም።

‹‹ተከትሎሽ ነበር አይደል?›› አለኝ።

‹‹አዎ።››

‹‹አውቀዋለሁ፤ ይከተላል። ታዲያ እንዴት ተመለሰልሽ?››

‹‹መታሁት።››

‹‹የት ጋ?››

‹‹ፊቱን።››

አባዬ አለቀሰ። እናቴ ስትሞት እንኳ በሰው ፊት ያላለቀሰ ሰው እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ለእኔ አልነበረም ያ ልቅሶ፤ ለቦራ ነው። እንዲህ እንደሚወደው አላውቅም ነበር። አውቅ ነበር። ሳውቅ ነው ያደረግኩት።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ለመኑ። አባዬ ፊቱን በነጠላው ጠረገ። ‹‹በጣም አዝኜብሻለሁ ሰብሌ። ስለሞተ አይደለም፤ ስለመታሽው ነው›› አለ። ሳሉ እስኪያልፍለት ቆየና ‹‹ይቅር ለእግዜር›› አለ። ድንጋዩን እሱ ራሱ ሊያወርድልኝ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ አልጨበጡም። ዱጋሳ ሊያግዘው ሲጠጋ ‹‹ተው! ባለ ደሙ እኔ ነኝ›› አለው። እየገፋ፣ እያረፈ፣ እየገፋ አወረደው። ድንጋዩ ወለሉ ላይ ሲወድቅ እኔም ጉልበቱ ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

ነሐሴ 16

ቆረበ። አባዬ ቆረበ!

መምሬ ሲወጡ አጥሚት ጠጣ፤ ድገሚኝ አለ።

ነሐሴ 24

ዛሬ ስለ ቦራ ሲያወራልኝ ዋለ። እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ዝናብ ሲመጣ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ጉድጓድ ያለበትን መንገድ አይደግምም፤ ሰርገኛ ሲጭን ይንጎማለል ነበር አለ። ግማሹ ውሸት ነው። ዝም ብዬ ሰማሁት።

ጳጉሜን 1

አይበላም። እግሩ አብጧል። ኦክስጅኑን እያወለቀ ይጥለዋል። ሊዲ እዚህ ታድራለች።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ጠዋት ዝናብ ዘነበ፤ የሰፈሩ ልጆች ጠበል ነው ብለው ራቁታቸውን ወጡበት። አባዬ ጩኸታቸውን ሰምቶ ‹‹መስኮቱን ክፈቺልኝ›› አለ። ከፈትኩለት። ስመለስ ሄዷል።

ጳጉሜን 5

ትናንት ቀበርነው።

የሕይወት ታሪኩን ያነበበው የእድሩ ሰው ‹‹አቶ ዘገዬ በመልካም ሥነ ምግባራቸው…›› እያለ ሲሄድ ከኋላ የቆመው ሕዝብ ‹‹ማን ነው የሞተው? ቀብር ተሳሳትን እንዴ?›› ይባባል ነበር። ዱጋሳ መታገሥ አቃተው፤ ‹‹አባ ቦራ ነው!›› ብሎ ጮኸ። ያኔ ነው ልቅሶው የደመቀው። አንባቢው የአባዬን ቅንነት፣ ታታሪነትና አርአያነት ዘረዘረ፤ ከሌላ ሬሳ የተረፈ ወረቀት ይመስላል። ስለ ፈረሱ አንድ ቃል የለበትም። መቃብር ዳር ሦስት ሰዎች ስልካቸውን ሲነካኩ አይቻለሁ።

ዛሬ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እጅ ስጨብጥ ዋልኩ። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ዋጋ ንረት ያወራል፣ ንፍሮ ዘግኖ ይሄዳል። ወደ ማታ አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች።

‹‹ነፍስ ይማር›› አለችኝ።

‹‹የሁለቱንም›› አልኩ።

ደንግጣ እጄን ያዘችኝ። ‹‹ውይ የኔ እህት! ከአባትሽ ሌላ ደግሞ ማን ሞተባችሁ?››

‹‹ፈረሳችን›› አልኳት።